የኮምፒዩተር ልማድ ቤት ሲገባ



ልማድ ከሥራ ቦታ ተነሥቶ ሰውን እስከ ቤቱ ይከተላል። ሾፌር በሌላ ሰው መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ እንኳ፣ አደጋ ሲያይ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ዛሬ ብዙዎቻችን ውለን የምንገባው ኮምፒዩተር ላይ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ምን ይዘን እንደምንመለስ ብንመረምር መልካም ነው።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ጎን ለጎን በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የጽሕፈት ሱቅ እሠራለሁ። ውልና ማመልከቻ የሚያስጽፈው የመርካቶ ነጋዴ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ስለዚህ የሥራችን ደንብ «ቶሎ ጻፍ፤ ኋላ ታርማለህ» የሚል ነው። ብሳሳት ኮንትሮልና ዜድ የተባሉትን ሁለት ቁልፎች ስጫን ስሕተቱ እንዳልነበረ ይሆናል።

አንድ ቀን ማታ ቤት ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ያን ጊዜ የግራ እጄ ጣቶች ባዶው ጠረጴዛ ላይ እነዚያን ሁለት ቁልፎች ሲፈልጉ ደረስሁባቸው። እናቴ አይታ ሣቀች፤ እኔም ሣቅሁ።

እንዲህ ያለው ነገር በሊቃውንትም ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሮበርት ስቲክጎልድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሰዎችን ለ3 ቀናት በድምሩ 7 ሰዓት ያህል ቴትሪስ የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ አጫወቷቸው። ከግማሽ የሚበልጡት እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል ከላይ የሚወርዱት የጨዋታው ቅርጾች ይታዩአቸው ነበር። የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ፣ ጨዋታውን መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ ሕሙማንም ይገኙባቸዋል። እንግዲህ ልማድ እኛ ሳናውቀው በውስጣችን እንደሚቀመጥ ከዚህ እንረዳለን።

ከብርጭቆው በኋላ ግን የማያሥቅ ነገር መጣ። ታናሽ ወንድሜ በሒሳብ ወድቆ ውጤቱን አሳየኝ። ደክሞኝ ነበርና ሳላስብ «አንተ ሰው አትሆንም!» አልሁት። እንደ ሥራዬ ደንብ መሆኑ ነው፤ ቶሎ ተናግሬ ኋላ ላርም። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን «ጋሼ» ማለቱን ተወ።

የመመለሻው ትእዛዝ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል በተሠራው ብራቮ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ውስጥ ነበረ። አሠራሩም የተደረገውን እርምጃ መዝግቦ ይዞ፣ ሲታዘዝ ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። ሰውም የተነገረውን ይመዘግባል፤ ነገር ግን ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ የለውም። አባቶቻችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ያሉት ስለዚህ ነው።

ከእኛ በፊት በታይፕ ስቴንስል ይመቱ የነበሩ ጸሐፊዎች አንዲት ፊደል ቢሳሳቱ የማረሚያ ቀለም ቀብተው፣ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ እንደገና መምታት ነበረባቸው። ስለዚህ ከጣታቸው ዓይናቸው ይቀድም ነበር። የመርካቶ ልብስ ሰፊም አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ይቆርጣል። ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው፣ በ1919 ዓ.ም. ያረፉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም፣ «አባ መላ» የተባሉት ሰው፣ በፍርድ አዋቂነታቸው እስከ ዛሬ ይነሣሉ። አዋቂ ዳኛ ደግሞ ሳይሰማ አይፈርድም። እኔ ግን ወንድሜን ለምን እንደ ወደቀ እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር።

በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እሺ» አለኝ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አብረን ሒሳብ መሥራት ጀመርን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጥያቄ ከብዶት ሳለ «ጋሼ፣ ይህቺን አሳየኝ» አለኝ። የኮምፒዩተር ስሕተት በቅጽበት ይመለሳል፤ የሰውን ልብ መመለስ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ኮምፒዩተሩን እንተው ማለቴ አይደለም። ከእርሱ የምንወስደው መልካም ልማድም አለ፤ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት አንድ ጊዜ ማንበብ። ቃላችንንም ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት እንደዚሁ እናንብበው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከሥራችሁ ወይም ከትምህርታችሁ ወደ ቤት ይዛችሁት የገባችሁት ልማድ ምንድን ነው?
2. ይቅርታ መጠየቅና ስሕተትን መደምሰስ በምን ይለያያሉ?
3. በችኮላ የተናገራችሁትን ለመጠገን በዚህ ሳምንት ምን ልትሠሩ ትችላላችሁ?