የጉማራ ውሃ ሽንኩርቱ ጋ ሳይደርስ የት ይቀራል?

በፎገራ ሜዳ ሩዝ ተሰብስቦ ሽንኩርት ሲተከል የጉማራና የርብ ወንዞች ዳርቻ በውሃ መሳቢያ ሞተር ድምፅ ይሞላል። በጋው እየገፋ ሲሄድ ግን ወንዙ ይቀንስና ከታች ያለው ገበሬ አሸዋ እያየ ይውላል። «ውሃ አነሰ» ከማለታችን በፊት፣ የቀዳነውን የት እንደምናደርሰው እንይ።

1. ቦዩን በእግር ተከተሉት። ሞተሩ ተነሥቶ ውሃው እየሄደ ሳለ ዳር ዳሩን ሂዱ። በጋ ላይ ከቦዩ ውጭ የለመለመ ሣር ካያችሁ ውሃችሁን የሚጠጣው እሱ ነው። እዚያ ጎንበስ ብላችሁ ስትፈልጉ ብዙ ጊዜ የአይጥ ጉድጓድ ታገኛላችሁ። ላዩን በእፍኝ ጭቃ መለጠፍ አይበቃም፤ በማግስቱ ይከፈታል። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ቆፍሩና ጭድ በገባበት ጭቃ በትንሽ በትንሹ እየረገጣችሁ ሙሉት። አሸዋማው ቦታ ላይ ፕላስቲክ አንጥፉ።

2. ውሃውን ለኩ። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ከቱቦው አፍ ሥር አቁሙና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ20 ሰከንድ ከሞላ፣ ሞተሩ በሰዓት 36,000 ሊትር ይሰጣል። ያደገ ሽንኩርት በበጋ ፀሐይ በቀን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል፤ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው። ስለዚህ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለ2,500 ካሬ ሜትር፣ የ5 ቀን ድርሻ 62,500 ሊትር ይሆናል። ግማሹ መንገድ ላይ ቢቀር እንኳ ሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ለዚህ ያህል ማሳ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲጮህ ስሰማ የሚቆጨኝ ቤንዚኑ ብቻ አይደለም፤ ውሃ የተኛበት ሥር ይታፈናል፣ በሽታም ይከተላል።

3. አፈሩን ጠይቁት። ዋልካ ላዩ ተሰነጣጥቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚሆን ዓይን ያታልላል። የሽንኩርት ሥር ጥልቅ አይደለም፤ በሁለት ተክል መካከል አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ አፈሩን ጨብጡ። መዳፋችሁን ካረጠበ ወይም በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ከተሳበ ቆዩ። ተድበልብሎ ሲጫኑት ከተሰነጠቀ የማጠጫው ቀን ደርሷል። ጨብጣችሁት ከተፈረፈረ ዘግይታችኋል። ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ይህን እመኑ።

4. ትልሙን አስተካክሉ። ረጅም ከሆነ አፉ ሲጥለቀለቅ ጫፉ ይደርቃል፤ አሳጥራችሁ ከፋፍሉት። ውሃው ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወደሚቀጥለው ቀይሩ፤ በትልሙ ውስጥ ያለው ራሱ ይጨርሰዋል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አጠጡ።

5. ተራ ያዙ። በድሮው የመስኖ ቦይ የውሃ አባት እንዳለ ሁሉ በሞተር የሚቀዱትም ዳኛ ያስፈልጋቸዋል። ሰዓቱን በማሳ ስፋት ቁረጡ፣ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ወንዙ ሲቀንስ ደግሞ ተራው ከታች ይጀምር። ከላይ ያለው አንድ ቀን ቢዘገይ ውሃው ደጁ ነው፤ ከታች ያለውን ግን ተራው ሲያልፈው በብድር የገዛው ዘር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጉዳይ ችግኙ ሳይተከል ተነጋገሩ፤ ውሃ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ሽምግልና ጠብ ማብረድ ብቻ ነው።

6. በጊዜ አቁሙ። የሽንኩርቱ አንገት ላልቶ ቅጠሉ መተኛት ሲጀምር ማጠጣት ይብቃ። ከዚያ በኋላ የሚጠጣ ሽንኩርት ሚዛን ላይ ቢከብድም ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል። የተረፈውን ተራ ዘግይቶ ለተከለው ጎረቤት ስጡት።