የቆመው ቶርኖ፣ የተገለበጠው ቶርኖ

ቶርኖ ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው የተጋደመው ማሽን ነው፤ በግራ በኩል ብረቱን ነክሶ የሚሽከረከር ቻክ፣ በቀኝ በኩል በሐዲዱ ላይ የሚመላለስ መቁረጫ። ለረጅም ዘንግና ለአክሰል ይህ አቀማመጥ ደህና ነው። የፍሬን ዲስክ፣ ታምቡር፣ ማርሽና ቮላኖ በብዛት የሚያመርት ፋብሪካ ስትገቡ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሽክርክሪቱ ወደ ላይ የቆመ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ቶርኖ ነው። ምክንያቱን ለማየት ሁለት ነገሮችን መከታተል ይበቃል፦ የብረቱ ክብደት ወዴት ይሄዳል? ከብረቱ እየተላጨ የሚወጣው ፍቅፋቂስ የት ይወድቃል?

ክብደቱን ማን ይሸከመው?

አጭርና ሰፊ ብረት በተጋደመ ቶርኖ ላይ ሲታሰር ክብደቱ ሁሉ ከቻኩ ጥርስ ላይ ይንጠለጠላል። ምጣድን ጠርዙን ይዞ ክንድ ዘርግቶ መቆምና ጉልቻ ላይ ማሳረፍ እንደሚለያዩት ነው። ሠራተኛው ከባዱን ብረት በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው ቁልፍ እያጠበቀ፣ መሃሉን ጠብቆ እንዲገባ መታገል አለበት። ቶርኖውን ስናቆመው ግን ቻኩ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ብረቱ ይቀመጥበታል፣ ክብደቱም ራሱ ወደ መቀመጫው ይጫነዋል። የቻኩ ሥራ መሸከም መሆኑ ቀርቶ መሃል ላይ ማስያዝና እንዳይንሸራተት መንከስ ብቻ ይሆናል። ዲያሜትራቸው በሜትር የሚለካ የተርባይን ክፍሎች ዛሬም በቆመ ቶርኖ ላይ የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ብሪጅፖርት

ኤድዋርድ ፔይሰን ቡላርድ እ.ኤ.አ. በ1880 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ ማሽን መሥራት ጀመረ። የቆመ ማሽን በዚያ ዘመን አዲስ አልነበረም፤ ነገር ግን ለግዙፍና ለሻካራ ሥራ ብቻ የሚታመን ነበር። ቡላርድ በ1883 የነደፈው 37 ኢንች፣ ማለትም 94 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚይዝ አነስ ያለ ማሽን በተጋደመ ቶርኖ ብቻ ይሠራ የነበረውን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ መሥራት ቻለ።

ከዚያ በኋላ የቡላርድ ኩባንያ ያወጣው መልት-አው-ማቲክ የተባለው ማሽን ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስደንቃል። በአንድ ክብ ተሸካሚ ዙሪያ በርካታ የቆሙ ስፒንድሎች፣ ማለትም ቻክ የሚያሽከረክሩ ዘንጎች፣ ተደርድረዋል። ተሸካሚው አንድ እርምጃ በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ብረት ወደሚቀጥለው ጣቢያ ያልፋል፦ አንዱ ጋ ይሻከራል፣ ሌላው ጋ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሌላው ጋ ይለሰልሳል። ሠራተኛው የቆመው አንድ ጣቢያ ላይ ነው፤ ያለቀውን አውጥቶ ጥሬውን ያስገባል። እሱ ይህን ሲያደርግ ሌሎቹ መቁረጣቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ያለቀ ዕቃ የሚወጣው የሁሉም ሥራ ጊዜ ተደምሮ ሳይሆን ረጅሙ ጣቢያ በሚፈጀው ጊዜ ልክ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ኮምፒውተር፣ በጥርስና በካም ብቻ የተሠራ ነው።

ፍቅፋቂው ትኩስ ነው

የቆመው ቶርኖ አንድ ችግር አለበት። ድስት የመሰለ ጎድጓዳ ዕቃ ስንቆርጥበት ፍቅፋቂው ጎድጓዳው ውስጥ ይከማቻል። መቁረጫው መልሶ ይረግጠዋል፤ የለሰለሰው ገጽ ይቧጨራል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሙቀቱ ነው። ብረት ሲቆረጥ የሚፈጠረው ሙቀት አብዛኛው ከፍቅፋቂው ጋር ይሄዳል፤ ፍቅፋቂው ካልተወገደ ሙቀቱን ለዕቃውና ለማሽኑ መልሶ ይሰጣል።

ይህ ስንት ያጠፋል? ስቲል በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በሜትር 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺሕኛ) ገደማ ይሰፋል። 80 ሚሊ ሜትር የኩሽኔታ ቀዳዳ ያለው ዕቃ በሥራ ላይ 20 ዲግሪ ቢሞቅ ቀዳዳው 19 ማይክሮን ገደማ ይሰፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀዳዳ በተለመደው ኤች7 ደረጃ የሚፈቀደው ልዩነት በጠቅላላው 30 ማይክሮን ነው። ሁለት ሦስተኛው በሙቀት ብቻ ተበላ ማለት ነው፤ ለመቁረጫው መደነዝና ለማሽኑ ልቅነት የቀረው 11 ማይክሮን ነው።

ጭንቅላቱ ወደ ታች

መፍትሔው ማሽኑን መዘቅዘቅ ሆነ። ኤማግ እ.ኤ.አ. በ1867 በጀርመን ሳክሶኒ፣ ባውትሰን ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው፤ ዛሬ ዋና መቀመጫው በደቡብ ጀርመን ዛላክ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቪኤስሲ የተባለውን ማሽን ሲያወጣ የቶርኖን ልማድ በሁለት በኩል ገለበጠ። ስፒንድሉ ከላይ ተሰቅሎ አፉ ወደ ታች ሆነ። መቁረጫዎቹ የተሰኩበት ተሬት ቦታውን ይዞ ሲቆም፣ የሚንቀሳቀሰው ብረቱን የያዘው ስፒንድል ሆነ።

ስፒንድሉ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ብረቱን ሌላ ሰው ወይም ሮቦት ለምን ያቀብለዋል? ራሱ ወደ ማጓጓዣው ይሄዳል፣ ዝቅ ብሎ ጥሬውን ይነክሳል፣ መቁረጫው ጋ ወስዶ ይሠራዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ፍቅፋቂውም በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ማጓጓዣ ጠርጎ ያወጣዋል።

ይህን የምሰማ ተማሪ ብሆን አንድ ጥያቄ አነሳ ነበር፦ ቶርኖውን ያቆምነው ክብደቱ እንዲያግዘን አልነበረም? አሁን ብረቱን ከቻኩ እየጎተተ ሊጥለው አይደለም? ትክክል ነው፤ ያ ጥቅም ቀርቷል። ግን ክብደቱ አሁንም የሚጎትተው በሽክርክሪቱ ዘንግ አቅጣጫ ስለሆነ እንደ ተጋደመው ወደ ጎን አያዘነብልም። ዋጋው የሚከፈለው በመጠን ነው፤ የተገለበጠ ቶርኖ የሚስማማው እንደ መኪና ማርሽና ዲስክ ላሉ ቀለል ያሉ ዕቃዎች ነው። ለግዙፉ ዛሬም የቆመው ይሻላል። የሃይድሮሊክ ግፊት ቢቀንስ ወይም መብራት ቢጠፋ ብረቱ እንዳይወድቅ የንክሻውን ግፊት የሚከታተል መቆጣጠሪያና ዘይቱ ወደኋላ እንዳይፈስ የሚዘጋ ቫልቭ የግድ ናቸው።

ሁለተኛው ገጽስ?

ቻክ የነከሰው በኩል አይቆረጥም። ስለዚህ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ይቆሙና በመሃላቸው መገልበጫ ይኖራል፤ አንዱ ፊቱን፣ ሌላው ጀርባውን ይሠራል። በመንገዱ ላይ መለኪያ ቀዳዳውን ይነካል። መቁረጫው ተበልቶ ልኩ መሸሽ ከጀመረ ሲኤንሲው፣ ማለትም የማሽኑ ኮምፒውተር መቆጣጠሪያ፣ ለሚቀጥለው ዕቃ በማይክሮን ያርማል።

ሒሳቡ

ቆረጣው 45 ሰከንድ የሚፈጅ ዕቃ አለን እንበል። በእጅ አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ሌላ ማስገባት 30 ሰከንድ ቢወስድ በሰዓት 48 ዕቃ ይወጣል። ማሽኑ ራሱ በ5 ሰከንድ ቢለውጠው 72 ይሆናል። መቁረጫው ያው፣ ፍጥነቱ ያው ነው። የቆረጣ ፍጥነት 10 በመቶ ብንጨምር ግን የምናተርፈው 4 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ መቁረጫውም ቶሎ ይደነዝዛል።

አሁን ሌላኛውን ጎን እዩት። ወደ ሌላ ዕቃ ለመሸጋገር የቻኩን ጥርስ፣ ፕሮግራሙንና የማጓጓዣውን መያዣ መለወጥ 2 ሰዓት ቢፈጅና የታዘዘው 30 ዕቃ ቢሆን፣ ራስ-ሰሩ የሚያተርፈው 12 ደቂቃ ከግማሽ ነው፤ ኪሳራ ነው። ትእዛዙ 2,000 ከሆነ ትርፉ ወደ 14 ሰዓት ይጠጋል። የተለያየ ዕቃ በትንሽ በትንሹ ለሚሠራ ወርክሾፕ ይህን ማሽን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ያለበት ተራ ቶርኖ ይበልጠዋል።

ፋብሪካ የመጎብኘት ዕድል ካገኛችሁ አስጎብኚው ስለ ስፒንድሉ ዙር ሲያወራ እናንተ ሰዓታችሁን ያዙ፤ መቁረጫው አንዱን ብረት ከለቀቀበት ቅጽበት የሚቀጥለውን እስኪነካ ስንት ሰከንድ እንደሚያልፍ ቁጠሩ።