ከሻንጣ ወደ ግድግዳ፦ የፎቶ ፍሬምና የግድግዳ ጌጥ በትንሽ ወጪ

ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ኒው አልባኒ ቤት ገዝቶ ወይም ተከራይቶ የገባ ሐበሻ ቶሎ የሚያስጨንቀው የግድግዳው ስፋት ነው። ከውጭ ቀይ ጡብና ነጭ የፈረስ አጥር፣ ከውስጥ ደግሞ ከፍ ያለ ጣሪያና ነጭ ወይም ግራጫ የተቀባ ባዶ ግድግዳ። ብዙዎቻችን ይህን ባዶነት የምንሸፍነው ኢስተን የገበያ ማዕከል ወርደን፣ ወይም በ2017 ፖላሪስ ላይ ወደተከፈተው አይኬያ ሄደን በምንገዛው ሥዕል ነው፤ አይተነው የማናውቅ የባሕር ዳርቻ ሳሎናችን ውስጥ ይሰቀላል። የእናትና የአባታችን የሠርግ ፎቶ ግን አሁንም ሻንጣ ውስጥ፣ ፖስታ ውስጥ ነው።

ያን ፎቶ አውጥቶ በክብር ለመስቀል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እንጨቱ ርካሽ ነው፤ መስታወቱም ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ይገኛል። እኔ አትቆጥቡ የምለው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ ፎቶውን ወይም ጨርቁን በቀጥታ የሚነካው ወረቀት ላይ። ምክንያቱን እየሠራን እናየዋለን።

ደረጃ 1፦ ዋናው ይቀመጥ፣ ቅጂው ይሰቀል

ከአገር ቤት የመጣ የስቱዲዮ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ኔጋቲቩ ጠፍቷል፣ ስቱዲዮውም ተዘግቶ ይሆናል። ብርሃን የሚያገኘው ፎቶ ቀስ በቀስ መደብዘዙ ስለማይቀር ግድግዳ ላይ የሚወጣው ቅጂው ይሁን። ማርኬት ስትሪት ላይ ያለው የኮሎምበስ ሜትሮፖሊታን ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ፎቶ ስካን ለማድረግ ጥሩ ቦታ ነው። በስልክ የተነሳ ቅጂ ጥግ ጥጉ ይጣመማል፣ የመብራት ነጸብራቅም ይገባበታል።

ስካነሩን ስትጠቀሙ የምትመርጡት የዲፒአይ ቁጥር የፎቶው ትንሽነት ይወስነዋል። ለኅትመት 300 ዲፒአይ በቂ ነው። ስለዚህ 2 ኢንች በ2 ኢንች ተኩል የሆነች የመታወቂያ መጠን ፎቶ በ1200 ስካን ብትደረግ እስከ 8 በ10 ኢንች ድረስ አድጋ መታተም ትችላለች። ፖስትካርድ ለሚያክል ፎቶ 600 ይበቃል።

ጀርባውንም ስካን አድርጉ። በእኛ አገር ልማድ የፎቶ ጀርባ ባዶ አይደለም፤ «ለማይረሳ መታሰቢያ» የሚል የእጅ ጽሑፍ፣ ቀንና ዓመተ ምሕረት፣ አንዳንዴም የስቱዲዮው ማኅተም አለበት። የፊቱንና የጀርባውን ቅጂ ጎን ለጎን በሁለት እኩል ፍሬም መስቀል እኔ ካየኋቸው የቤት ጌጦች ሁሉ የላቀ ነው። ልጆች ከፎቶው ይልቅ የአያታቸውን የእጅ ጽሑፍ ቆመው ያያሉ።

ፎቶው ከድሮ መስታወት ጋር ተጣብቆ ከሆነ በጉልበት አትላጡት። ከነመስታወቱ ስካን አድርጉትና እንዳለ አስቀምጡት። ቅጂውን ስታሳትሙ ወረቀቱ የማያብረቀርቅ እንዲሆን ጠይቁ፤ መስታወት ሥር ሁለት ጊዜ ከሚያብረቀርቅ ፎቶ ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል።

ደረጃ 2፦ መስታወቱ ይቅደም

ጀማሪ ብዙ ጊዜ ፍሬሙን ይሠራና ከዚያ መስታወት ፍለጋ ይዞራል። መስታወት በልክ ማስቆረጥ ደግሞ ከእንጨቱ ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ በተቃራኒው ሂዱ፦ ጉድዊልን ወደመሳሰለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ግቡና ፍሬሙ የተሰባበረ ወይም ያላማረ፣ መስታወቱ ግን ያልተጫረ ፎቶ ማስቀመጫ ፈልጉ። በጥቂት ዶላር የምትገዙት መስታወቱን ነው። 8 በ10 ኢንች የሆነውን ብትመርጡ ቀጥሎ ያለው ልክ ሁሉ ይገጥማል። በኮሎምበስ ያሉት የሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ሪስቶር ሱቆችም ትርፍ እንጨትና ማንጠልጠያ የሚገኝባቸው ናቸው።

ከመጋዘን በር ላይ የተጣለ ፓሌት ፈትቶ መጠቀም የሚወድ ካለ፣ አስፈቅዶ ይውሰድና ማኅተሙን ያንብብ። ኤች ቲ የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ ኤም ቢ የሚለው ግን በኬሚካል ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይግባ።

ደረጃ 3፦ ፍሬሙ

ሆም ዲፖ ወይም ሎውስ ሂዱና 8 ጫማ ርዝመት ያለው «1 በ2» የሚባለውን የጥድ ጣውላ አንሡ። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ እውነተኛ ልኩ ሦስት ሩብ ኢንች በ1 ኢንች ተኩል ነው፤ ሒሳቡን የሚያበላሸው ይህን አለማወቅ ነው። መሬት ላይ አስተኝታችሁ በአንድ ዓይን እዩት፤ የተጣመመውን መልሱ። ከሱ ጋር ሦስት ሩብ ኢንች በሦስት ሩብ የሆነ ቀጭን ባለ አራት ማዕዘን እንጨት ያስፈልጋል።

ጥጉን በ45 ዲግሪ ቆርጦ ማጋጠም ያምራል፤ ግን በእጅ መጋዝ የመጀመሪያ ሥራ ላይ ክፍተቱ አፍ ከፍቶ ይታያል። እኔ የምመክረው ቀጥ ያለ ቁርጥ ነው። ለ8 በ10 መስታወት 12 ኢንች ተኩል የሆኑ ሁለት ቋሚዎችና 7 ኢንች ተኩል የሆኑ ሁለት አግዳሚዎች ቁረጡ። አግዳሚዎቹ በቋሚዎቹ መካከል ይገባሉ፤ የውስጡ ክፍት 7 ተኩል በ9 ተኩል ይሆናል። በዚህም ከመስታወቱ በየጎኑ ሩብ ኢንች ያህል ፍሬሙ ላይ ያርፋል። ከአንድ ጣውላ ሁለት ፍሬም ይወጣል።

ጫፎቹን በሳንድፔፐር አለስልሱና ኮላ ቀቡ። ለእንጨት ሥራ ስሙ የታወቀው ታይትቦንድ የዚሁ የከተማችን ምርት ነው፤ የሚሠራው ፍራንክሊን ኢንተርናሽናል በ1935 ኮሎምበስ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። በሞርሳ ወይም ጠበቅ ባለ ገመድ አጥብቃችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ኮላው ከመድረቁ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ስኳድራውን ጠብቋል፤ ካልሆኑ ረዘም ያለውን ሰያፍ ገፋ አድርጉት። የፈሰሰውን ኮላ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ የደረቀ ኮላ ባለበት ቀለም አይገባም።

እዚህ ላይ ፍሬሙ ገና ደካማ ነው። የእንጨት ጫፍ ኮላውን ስለሚመጥ መገጣጠሚያው በትንሽ ጫና ይላቀቃል። የሚያጠነክረው የኋላው ክፈፍ ነው። ፍሬሙን በፊቱ አስተኙ፣ መስታወቱን መሐል ላይ አስቀምጡ፣ ቀጭኑን እንጨት ዙሪያውን በመስታወቱ ልክ ቁረጡ። በመስታወቱና በእንጨቱ መካከል የካርቶን ውፍረት ያህል ክፍተት ተዉ፤ ኦሃዮ በጋው እርጥብ፣ ክረምቱ በማሞቂያው ምክንያት ደረቅ ስለሆነ እንጨት ይተነፍሳል፣ የተጨናነቀ መስታወት ደግሞ ይሰነጠቃል። በዚህኛው ክፈፍ ረጃጅሞቹ አግዳሚዎቹ ይሁኑ፤ ቋሚዎቹ በመካከላቸው ይግቡ። እንዲህ ሲሆን የኋላው አግዳሚ የፊቱን መገጣጠሚያ ተሻግሮ ያልፋል፤ ጥጉንም ይቆልፈዋል። መስታወቱን አንሥታችሁ እንጨቶቹን በኮላ ለጥፉ፣ በትንንሽ ሚስማር አያይዙና እስከ ነገ አትንኩት።

ለቀለሙ ጣሳ ሙሉ መግዛት አያሻም። ከጀበና የተረፈ ጥቁር ቡና በጨርቅ እየተቀባ ጥድን ለስላሳ ቡናማ ያደርገዋል። ሲደርቅ የእንጨቱ ጸጉር ስለሚቆም በ220 ቁጥር ሳንድፔፐር ዳሰስ አድርጉት፣ ድገሙት፣ የፈለጋችሁት ድምቀት ላይ ሲደርስ ቫርኒሽ ቀቡበት። ክፍተት የታየበት ጥግ ካለ ቫርኒሹ ሳይነካው በስቱኮ ሙሉት።

ደረጃ 4፦ ፎቶው መስታወት አይንካ

ገንዘቡ የሚወጣው እዚህ ነው። ተራ ካርቶን ውስጡ አሲድ አለው፤ በጊዜ ብዛት ወረቀትን ያቢጫል፣ ያሰባብራል። ከሥዕል ዕቃ መደብር «አሲድ ፍሪ» የሚል ወፍራም የማት ሰሌዳ ግዙ። አንድ ትልቅ ሰሌዳ ለብዙ ፍሬም ይበቃል። ለ5 በ7 ኢንች ፎቶ ከ8 በ10 ማት መሐል 4 ከሦስት ሩብ በ6 ከሦስት ሩብ የሆነ መስኮት ክፈቱ፤ ያኔ ዳሩ በአራቱም በኩል እኩል ይሆናል። በአዲስ ምላጭ፣ በብረት ማስመሪያ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቀስታ ደጋግማችሁ ቁረጡ።

ፎቶውን በኮላ ወይም በስኮች አትለጥፉ። ከዚያው ንጹሕ ወረቀት አራት ትንንሽ የሦስት ማዕዘን ኪሶች አጥፉና የፎቶው ጥጎች ይግቡባቸው፤ የሚለጠፉት ኪሶቹ ብቻ ናቸው። ከዚያ መስታወት፣ ማት፣ ፎቶ፣ ሌላ የማት ሰሌዳ፣ መጨረሻ ላይ ስስ ኮምፔንሳቶ በቅደም ተከተል አስገቡና በትንንሽ ሚስማር ወይም በታጠፈ ቆርቆሮ አያይዙ።

ደረጃ 5፦ ጥለት፣ ጆንያ፣ ሰፌድ

ከየቤቱ ሻንጣ መሐሉ ያለቀ፣ ጥለቱ ግን እንደ አዲስ የሚያበራ ነጠላ አይጠፋም። እባካችሁ አትቁረጡት። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ጥበብ እያንዳንዱ መስመሩ በሸማኔ እጅ የገባ ክር ነው፤ የተቆረጠበት ዳር ደግሞ መተርተሩን አያቆምም። በምትኩ አንድ ሰሌዳ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ነጠላውን ጥለቱ ብቻ ፊት ለፊት እንዲመጣ አድርጋችሁ እጠፉት፣ የተረፈውን ከሰሌዳው ጀርባ ሰብስቡ። ከዚያ በመርፌና በተመሳሳይ ቀለም ክር፣ አንድ ኢንች ያህል እያራራቃችሁ፣ ዳሩን ከሥሩ ካለው ጨርቅ ጋር ስፉት። ስቴፕል ይዝጋል፣ ኮላ ይቢጫል፤ ክር ግን ሲፈለግ ተተርትሮ ነጠላው እንደነበረ ይመለሳል። ሳይታጠብና በደንብ ሳይደርቅ መስታወት ሥር አይግባ። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ግድግዳም አይስማማውም።

ቡና የሚቆሉ ቤቶች 60 ኪሎ የሚይዘውን የኢትዮጵያ ቡና ጆንያ ባዶውን ይሰጣሉ ወይም በርካሽ ይሸጣሉ። የታተመበትን ፊት ለትልቅ ግድግዳ ተጠቀሙበት። ውጭ አናፍሱት፣ በቫኪዩም አቧራውን አስወግዱ፣ ከአራት ጣውላ በሠራችሁት ክፈፍ ላይ ወጥራችሁ ከጀርባ በስቴፕል አያይዙት። ለጆንያ ስቴፕል ምንም አይለውም።

የስፌት ሥራን በተመለከተ ከሐረር ሰዎች የተሻለ አስተማሪ የለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው የጀጎል ሐረር ባህላዊ ቤት ውስጥ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው፤ ውበቱም ያለው በመደጋገሙ ነው። ስለዚህ አንድ ሰፌድ ብቻውን ሰፊ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። ሦስት አራት የተለያየ መጠን ያላቸውን አቀራርቡ። በመሐላቸው ሚስማር አትምቱ፤ ጀርባቸው ላይ በስፌቱ መካከል ጠንካራ ክር አስገብታችሁ ማንጠልጠያ ሥሩ።

ደረጃ 6፦ መስቀል

መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት የየፍሬሙን ልክ ከገበያ ከረጢት ወረቀት ቁረጡና በስኮች ግድግዳው ላይ አሰላልፉት። አንድ ሁለት ቀን ኑሩበት። በፍሬሞቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ኢንች ይበቃል። የጠቅላላው መሐል ከወለሉ 57 ኢንች፣ ማለትም 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይዋል፤ እኛ ቤት የተለመደው ጣሪያ ሥር መስቀል ለመሳለም እንጂ ለማየት አይመችም። ከእሳት ምድጃና ከማሞቂያ ቀዳዳ በላይ ያለው ቦታ ለፎቶም ለጨርቅም ይቅር።

የዚህ አገር ግድግዳ ከውስጥ ባዶ የሆነ ድራይዎል ነው። ከኋላው የቆሙት እንጨቶች አብዛኛውን ጊዜ በየ16 ኢንቹ ናቸው። ማግኔት ግድግዳው ላይ እያንሸራተታችሁ የተሰወረውን ብሎን ካገኛችሁ እንጨቱን አገኛችሁ። ከባድ ነገር እዚያ ላይ ይሰቀል፣ ካልሆነ በድራይዎል ፊሸር ይታገዝ። ለአንድ ፍሬም ሁለት መስቀያ ብታደርጉ በር ሲዘጋ አይጣመምም፤ ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ አረጋግጡ።

ተከራይ ከሆናችሁና ሚስማር ከተከለከለ የሚለጠፉትን የኮማንድ ማንጠልጠያዎች ተጠቀሙ፣ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ክብደት ግን አትለፉ። ግድግዳውን በአልኮል ጥረጉ፤ አዲስ የተቀባ ከሆነ አንድ ሳምንት ጠብቁ። ሰፌድ ቀላል ስለሆነ ይችለዋል፤ መስታወት ያለውን ትልቅ ፍሬም ግን ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በሚስማር ብትሰቅሉት ይሻላል።

ትንንሽ ልጆች ካሉ አንዱን ፍሬም ዝቅ አድርጉና በእነሱ ዓይን ልክ ስቀሉት። የአያታቸውን ፊት ለማየት መታቀፍ የለባቸውም። ለዚህኛው መስታወቱን አውጥታችሁ አክሪሊክ ተኩ፤ ሆም ዲፖና ሎውስ በቅጠል ይሸጡታል፣ በቢላ ደጋግሞ ተጭሮ ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ስታጸዱት አሞኒያ ያለበትን የመስታወት ማጽጃ አትጠቀሙ፤ ያደበዝዘዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።