አንድ ወባ፣ አራት ስም፤ የሕክምና መረጃ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሻገር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ከሚሴ አንድ ባለሀብት ክሊኒክ ከፈተ እንበል። መዝገቡን በኮምፒውተር አደራጀ። አንዷ ሠራተኛ የታካሚውን ሕመም «ወባ» ብላ ስትመዘግብ፣ አካባቢው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነውና ሌላው «ቡሳ» ብሎ ይጽፋል። ላቦራቶሪው ደግሞ «ፋልሲፓረም» ወይም «ቫይቫክስ» የሚል ውጤት ይልካል። ባለሀብቱ በዓመቱ መጨረሻ ስንት የወባ ሕመምተኛ እንደታከመ ቢጠይቅ፣ ፕሮግራሙ አራት የተለያዩ በሽታዎች ቆጥሮ ይሰጠዋል።

ነጋዴ ይህን ችግር ከቁና ያውቀዋል። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና እኩል ስላልሆነ ገዥና ሻጭ በኪሎ ይስማማሉ። በሕክምና መረጃ የኪሎውን ቦታ የሚይዘው ኦንቶሎጂ የሚባለው ነው።

ለመሆኑ ኦንቶሎጂ ምንድን ነው? የቃላት ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ የነገሮችን ዝምድና ጭምር የሚመዘግብ ነው። ፋልሲፓረም የወባ ዓይነት መሆኑን፣ ወባም በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ መሆኑን ይይዛል። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ቁጥር ይሰጥና የአማርኛውን፣ የኦሮምኛውንና የእንግሊዝኛውን ስም በዚያው ቁጥር ላይ ያንጠለጥላል። ስኖሜድ የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ግን በዋናነት ለስታቲስቲክስ የቆመ ነው። በአሥረኛው እትሙ ፋልሲፓረም ቢ50፣ ቫይቫክስ ቢ51፣ ዓይነቱ ያልተለየ ወባ ደግሞ ቢ54 ነው።

ኪሳራው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ከዝርዝሩ ወደ ጠቅላላው መውጣት ይቻላል፤ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም ወባ ናቸው። ከጠቅላላው ወደ ዝርዝሩ መውረድ ግን አይቻልም። «ወባ» የተባለውን ሁሉ ቢ50 ላይ የሚጥል ፕሮግራም መረጃ አልለወጠም፣ ፈጠረ እንጂ። በአገራችን የሕክምና መመሪያ ኮአርተም ለፋልሲፓረም፣ ክሎሮኪንና ፕሪማኪን ለቫይቫክስ ይታዘዛሉ። በተሳሳተው ቁጥር ተመርቶ ያዘዘ የመድኃኒት ጅምላ ነጋዴ ኮአርተሙ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያልፍበታል፤ የቫይቫክስ ታማሚም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ቁጥርና ቀንም የዋዛ አይደሉም። በአንዱ መሣሪያ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሚባለው የደም ስኳር በሌላው 7 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ መስፈሪያው ካልተጻፈ 7 ያየ ሐኪም ምን ይበል? ከውጭ የመጣ ፕሮግራም አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን የተወለደውን ሕፃን አልመዘግብም ይላል። በ2010 ዓ.ም. የተወለደውን ደግሞ ዓመቱን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

የጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ወደተባለው፣ መሠረቱ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ወደሆነው የሪፖርት ሥርዓት ተሸጋግሯል፤ ብሔራዊ የጤና መረጃ መዝገበ ቃላትም አዘጋጅቷል። እንግዲህ ፕሮግራም የሚገዛ ባለክሊኒክ ሻጩን ስለ ስክሪኑ ውበት ከመጠየቁ በፊት ከዚህ መዝገበ ቃላት ጋር የተዛመደ መሆኑን ይጠይቅ። ክፍያውን ሳያጠናቅቅም መቶ ያህል የቆዩ ካርዶች በፊቱ ወደ አዲሱ ይገልበጡለት፤ ዓይነቱ ያልተለየው «ወባ» የት ላይ እንዳረፈ በዓይኑ ይይ።