የልብስ ቅማልና የድርቅ ዘመን ትኩሳቶች

ድርቅ ወደ አንድ አካባቢ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው የእህል እጥረት ነው። መዝጋቢውም ስንት ኩንታል ስንዴና ስንት ቆርቆሮ ዘይት እንደሚያስፈልግ አስልቶ ያቀርባል። ከእህሉ ጋር አብሮ የሚጎድለው የማጠቢያ ውኃ ግን በመዝገብ ላይ እምብዛም አይሰፍርም። በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ፣ ከመርጡለ ማርያም ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ምንጩ ሲሳሳ፣ ሴቶች ቁልቁለት ወርደው በእንስራና በጀሪካን የሚያወጡት ውኃ በቅድሚያ ለመጠጥ፣ ቀጥሎ ለሊጥና ለወጥ፣ የተረፈውም ለጥጃ ይሆናል። የልብስ አጠባው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ ሳምንታት ሲያልፉ በጋቢውና በቀሚሱ ስፌት ውስጥ ቅማል ይራባል። ከቅማል ጋር የሚመጡት ሁለት ትኩሳቶች፣ ማለትም የቅማል ተስቦና በተለምዶ ግርሻ የሚባለው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ የዚህ ጽሑፍ ርእስ ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሕዝባችን ተስቦ የሚለውን ቃል ከአንድ በላይ ለሆኑ ሕመሞች ይጠቀምበታል። የአንጀት ተስቦ፣ በሌላ ስሙ ታይፎይድ፣ በዓይነ ምድር በተበከለ ምግብና ውኃ የሚተላለፍ ስለሆነ መከላከያው መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውኃ ነው። የቅማል ተስቦ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ማስተማር አድማጩን ግራ ከማጋባት በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

በሽታውን በዋናነት የሚያዛምተው በራስ ጠጉር ውስጥ የሚኖረው ሳይሆን በልብስ ውስጥ የሚኖረው ቅማል ነው። ይህ ቅማል ቅጫሙን የሚጥለው በስፌትና በእጥፋት ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ሰው ገላ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ ራስን መላጨት ብቻውን ብዙ አይረዳም። ቅማሉ የለመደውን የገላ ሙቀት ይወዳል፤ ሰውየው በትኩሳት ሲነድ ወይም ሲሞትና ገላው ሲቀዘቅዝ ግን ትቶት አጠገቡ ወደ ተኛው ይሻገራል። አስታማሚዎች ከበሽተኛው ቀጥለው የሚወድቁበት ምክንያት ይህ ነው።

አሠራራቸው ግን ይለያያል። የተስቦው ተሕዋስ የሚወጣው በቅማሉ ኩስ ነው፤ ሰው ሲያክ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። የግርሻው ተሕዋስ ደግሞ በዋናነት የሚወጣው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እንሻለን። በየቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሐል መጨፍለቅ፣ አንዳንዴም በጥርስ መቀርጠፍ፣ የቆየ ልማድ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ጠላቱን የገደለ ይመስለዋል፤ በተሰነጠቀ ጣት ወይም በአፍ በኩል በሽታውን ወደ ራሱ የሚያስገባው ግን በዚያው ቅጽበት ነው።

ይህ ዕውቀት የተገኘው በቀላል አስተውሎት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል በቱኒስ ሆስፒታል ሲሠራ፣ የተስቦ በሽተኞች እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሌላውን ሰው ሲያስይዙ፣ በሩ ላይ ልብሳቸው ወልቆ ገላቸው ታጥቦ ከገቡ በኋላ ግን ማንንም እንደማያስይዙ ተመለከተ። በበሩ ላይ የቀረው ልብሱ ስለሆነ ምክንያቱን በዚያው ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1909 ቅማል አስተላላፊ መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

የእነዚህ ትኩሳቶችና የረሃብ ቁርኝት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በመታው ረሃብ፣ ከራብ ይልቅ ብዙውን ሰው የፈጀው ትኩሳትና ተቅማጥ ነበር። በአገራችንም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱ ካለቀና እህሉ ከጠፋ በኋላ ወረርሽኝ ተከትሏል። በ1977 ዓ.ም. በኮረም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ለእርዳታ በተሰበሰቡበት ጊዜ ተስቦና ግርሻ ተነሥተዋል። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ካበቃ በኋላም በየመጠለያው በተከማቹት የቀድሞ ሠራዊት አባላት መካከል ግርሻ ተዛምቶ ነበር። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች አብረው ይገኛሉ፤ መጨናነቅ፣ ብርድና የመለወጫ ልብስ ማጣት ናቸው።

ዛሬ ግርሻ ከአብዛኛው ዓለም ጠፍቶ ዋና መኖሪያው የአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም የኢትዮጵያ ደጋ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ በተሻገሩ ስደተኞች ላይ ሲታይ፣ ብዙዎቹ የአውሮፓ ሐኪሞች በሽታውን የሚያውቁት በመጽሐፍ ብቻ ነበር።

መርጡለ ማርያምን በመሰለ የደጋ ከተማ መጨናነቁ የሚመጣው በመጠለያ ሰፈር ብቻ አይደለም። ከቆላው አዝመራ የከዳው ቤተሰብ ከዘመዱ ቤት ይጠጋል፤ ለሦስት ሰው በተሠራች ጎጆ ስምንት ሰው በአንድ ጋቢ ሥር ያድራል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የወረደው ወጣት ከጓዶቹ ጋር በአንድ ዳስ ተደራርቦ ከርሞ ይመለሳል። የቆሎ ተማሪውም ከሩቅ አገር መጥቶ ከባልንጀሮቹ ጋር በጠባብ ጎጆ ይኖራል፤ ያለው ልብስ የለበሰው ብቻ ነው።

ስለ ንጽሕና የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለናል። «ልብስህን እጠብ» የሚለው ምክር ሰሚው ሁለተኛ ልብስ እንዳለው አስቀድሞ ያምናል። አንድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው በደጋ ብርድ እርቃኑን ሆኖ እስኪደርቅ ሊጠብቅ አይችልም። ቸልተኛ ነው ብሎ መውቀስም ፍትሕ አይሆንም። በአስቸኳይ እርዳታ ሥራ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ በወር 250 ግራም የገላና 200 ግራም የልብስ ሳሙና ይጠይቃል። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ይህ በቀን 90 ሊትር፣ ማለትም ከአራት ጀሪካን በላይ ነው። ቁልቁለት ወርዶ ውኃ ለሚቀዳ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ በድርቅ ወቅት ሳሙናና የመለወጫ ልብስ ከስንዴው ጋር አብረው ሊታደሉ ይገባል፤ ከተረፈ የሚሰጡ ምጽዋት ተደርገው ሊቆጠሩ አይገባም።

ቅማልንና ቅጫምን በእርግጥ የሚገድለው ሙቀት ነው። ልብሱን በበርሜል ወይም በትልቅ ብረት ድስት ማፍላት ይበቃል። ሳሙና በታጣበት አባቶቻችንና እናቶቻችን ነጭ ልብስ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ እድፉን ያነሣል፤ ማፍላቱን ግን አይተካም። (እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድልና ለቢልሐርዝያ መከላከያ እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ አጠገብ ያስተዋሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ መሆናቸውን በዚሁ እናስታውሳለን።) ደበሎና በርኖስ የማይፈሉ ስለሆኑ ማንም ሳይለብሳቸው ሁለት ሳምንት ያህል ተለይተው ይቀመጡ። ቅማሉ ደም ካጣ ሳምንት አይዘልቅም፤ ቅጫሙም ቢፈለፈል የሚመጠው አያገኝም። በጉባኤ ቤት አካባቢ ለተማሪዎቹ የመለወጫ ልብስ ለማዘጋጀት መምህራኑንና ሰበካ ጉባኤውን ማማከር ተገቢ ነው፤ የመምህራኑ ቃል ከእኛ ቃል ይልቅ ይሰማልና።

ግርሻ የያዘው ሰው በድንገት ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንና መገጣጠሚያውን ያመዋል፣ አንዳንዴም ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ትኩሳቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲለቀው የዳነ ይመስለዋል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ግን ያገረሽበታል። ካልታከመ ከ100 በሽተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ፤ በጊዜው ከታከመ የሚሞተው በጣም ጥቂት ነው። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱን ሁሉ ወባ ነው ብሎ በቤቱ የወባ ክኒን መዋጡ አደገኛ ነው። ሁለቱም ተሕዋሳት በአጉሊ መነጽር ከአንድ ጠብታ ደም ላይ ሊታዩ ስለሚችሉ፣ በጤና ጣቢያ ደም ማስመርመር ይገባል። የግርሻ መድኃኒት በተወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችልም፣ በሽተኛው መርፌውን ተወግቶ ወይም ክኒኑን ውጦ ወዲያውኑ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አይደረግም፤ በዚያው በጤና ባለሙያ ዓይን ሥር ይቆያል። እርሱ በጤና ጣቢያ ባለበት ቀን ልብሱና አብረውት ያደሩት ሰዎች ልብስ መፍላት አለበት።