ባሬላ ከማንሣት በፊት

ወረርሽኝ ማለት ተላላፊ በሽታ በአጭር ጊዜ ከተለመደው በላይ ብዙ ሰው ሲይዝ ነው። ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ወር በ30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ግንባታ ግን ጨርሶ አልቆመም። ከደሃና ገጠር ወደ አምደወርቅ ወይም ወደ ሰቆጣ ወርዶ የቀን ሥራ የሚጀምር ወጣት በእንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ እንዴት እንቀበለው?

መልሱ ገለጻ ነው። ገለጻ ስንል ደንብ አንብቦ ማስፈረም ማለታችን አይደለም። ምን ሊጎዳው እንደሚችል፣ ጉዳቱ በምን መንገድ እንደሚደርስበትና እንዴት እንደሚጠነቀቅ በራሱ አፍ መልሶ እስኪነግረን ድረስ ማስረዳት ነው። ሠራተኛው የሥራውን አደጋ እንዲያውቅ ማድረግ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የአሠሪው ግዴታ ነው። ኽምጥኛ አፉን የፈታ ሰው በአማርኛ ብቻ ከተነገረው ግን ራሱን ይነቀንቅ ይሆናል እንጂ ገለጻ አገኘ አይባልም።

መንገዱን ካወቀ ሕጉን ይረዳል። ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» የተባለውም ለዚህ ነው። ባሬላ ግን የሁለት ሰው ሸክም ነው። የኋለኛው የፊተኛውን ጀርባ እያየ ይሄዳል፤ ርቀቱን የሚወስነው የእጀታው ርዝመት ነው። ታዲያ ሕጉ ቀረ? አልቀረም። መራቅ ባይቻል የሚቀራረበውን ሰው ቁጥር ማሳነስ ይቻላል። ጥንዶቹ ጠዋት እንደተጣመሩ ይዋሉ። በየሰዓቱ ከተቀያየሩ እስከ ማታ የሁሉም ትንፋሽ ይደባለቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ጭምብሎችን እንለይ። የአቧራ ጭምብል የለበሰውን ከሲሚንቶ ብናኝ ይጠብቃል፤ የጨርቁ ደግሞ ይበልጡን ሌላውን ከለባሹ ትንፋሽ ይጠብቃል። ቫልቭ ያለው የአቧራ ጭምብል የሚወጣውን ትንፋሽ ስለማያጣራ ለሁለተኛው ዓላማ አይበቃም። እጅን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ ማልታ የነካ እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ የቆሸሸ እጅ ላይ ሳኒታይዘር በደንብ አይሠራም።

ሌላም ልዩነት አለ። በሽታው ካለበት ሰው ጋር የተነካካ፣ ገና መታመሙ ያልታወቀ ሰው የሚቆየው ለይቶ ማቆያ ነው። መያዙ የተረጋገጠው የሚገባው ለይቶ ማከሚያ ነው። ምልክት እስኪታይ እስከ 14 ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ በር ላይ ሙቀቱ ተለክቶ ደህና የተባለ ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የደመወዝ ነገር ነው። የቀን ሠራተኛ ካልሠራ አይከፈለውም፤ ስለዚህ ሳሉን ይደብቃል። ይህ እልኸኝነት አይደለም፣ የእራት ጉዳይ ነው። ፎርማኑ «ካመመህ ንገረኝ» ከማለቱ በፊት ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ፣ የቀረባቸው ቀናት ሂሳብ ምን እንደሚሆን በመጀመሪያው ጠዋት፣ ባሬላው ሳይነሣ ይንገረው።