የመረጃ መንገድ ከፊደል ይጀምራል

የመረጃ መሠረተ ልማት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የስልክ ሽቦና ኮምፒዩተር ነው። ነገር ግን ከሽቦው የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እሱም ስምምነት ነው።

ለምሳሌ ያህል የራሳችንን ፊደል እንውሰድ። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ቀደም ሲል የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አዘጋጆች ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የቁጥር ሠንጠረዥ ፊደላችንን ሲቀበል ግን «ሀ» የትም ቢሄድ 4608 ሆነ።

ታዲያ ችግሩ አለቀ? አላለቀም። «ሐ» 4624፣ «ኀ» ደግሞ 4736 ነው። ለጆሯችን አንድ፣ ለማሽኑ ሦስት ናቸው። አንዲት ተማሪ በ7ኛ ክፍል «ሐና»፣ በ8ኛ ክፍል «ሀና» ተብላ ብትመዘገብ፣ ማሽኑ አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር ሁለት ልጆች አድርጎ ይቆጥራታል። ልጅቷ ውጤቷን ስትጠይቅ «የለሽም» ልትባል ነው።

ሽቦውን የሚዘረጋው ሌላ ነው፤ በሽቦው የሚያልፈውን ስም የምንጽፈው ግን እኛ እጩ መምህራን ነን። ስለሆነም፦

1ኛ/ ስም ስንመዘግብ ከቀድሞው ማስረጃ ጋር እናመሳክር፤
2ኛ/ ከዓመት ዓመት ፊደሉን አንለውጥ፤
3ኛ/ ከስሙ ጎን መለያ ቁጥር እንጻፍ።

መልመጃ፦ «ጸሐይ» የሚለው ስም በጸ/ፀ እና በሀ/ሐ/ኀ ብቻ ስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? እስቲ ቆጥረን እንምጣ።